በየትኛው ቋንቋ ነው «ባዶ» ያሉት?

ሰው አገሩን ለቆ ሲወጣ የማይሠራው ሥራ የለም። ደሴ ፊዚክስ ያስተምር የነበረ ጓደኛዬ ናይሮቢ ገብቶ ዶሮ ነጭቷል። ሌላው አገር ቤት ዳኛ ነበር፤ የሠርግ ኬክ ተሸክሞ በማታቱ፣ በዚያ በናይሮቢ ሚኒባስ፣ ሲያደርስ በዓይኔ አይቼዋለሁ። እኔ ደግሞ ጠያቂ ሆንኩ። አዎ፣ ጠያቂ። በየሰዉ ቤት እየዞርኩ «ምን ይሠራሉ? ከማን ጋር ይኖራሉ? ደስተኛ ነዎት ወይ?» የምል፣ ለዚህም ደሞዝ የሚቆረጥልኝ ሰው። እናቴ ብትሰማ «እኔ ይሄንን ዕድሜ ልኬን በነጻ ስሠራው አልነበር?» ማለቷ አይቀርም ነበር።

ጊዜውን አስቡልኝ። አገር ቤት ደርግ ነው። እኛ በሞያሌ በኩል ሾልከን የወጣን ሰዎች ጥያቄ የሚባል ነገር ገና ከሩቅ ሲመጣ ይሸተናል። ጠያቂ ማለት ለእኛ ወይ የቀበሌ ሰው ነው፣ ወይ መርማሪ ነው። «ስምህ ማነው?» ሲሉት «የትኛውን ፈልገህ ነው?» የሚል ሰው አውቃለሁ። እንዲህ ባለ ሕዝብ መሃል ጠያቂ ሆኖ መቀጠር ቁራ ሆኖ ሠርግ ቤት ጣሪያ ላይ እንደ ማረፍ ነው።

የቀጠረችኝ ዶክተር ኢንገር የምትባል ረጅም ፈረንጅ ነበረች። ቢሮዋ ጊጊሪ ነው፤ ያ መኪና የሌለው ሰው በእግሩ ሲሄድ ዘበኛው ሁሉ ቆሞ የሚያየው ሰፈር። የምታጠናው የስደተኛ ቤተሰቦችን ሥራ፣ ትዳርና የኑሮ ደኅንነት ነው። በየቤቱ ሄዳ ታስጠይቃለች፣ ዓመት ቆይታ ያንኑ ቤት እንደገና ታስጠይቃለች፤ ምን እንደ ተለወጠ ታያለች። አማርኛ ስለማትችል እኔ አስፈለግኋት።

ሥራውን ከመጀመሬ በፊት ሕጉን አስተማረችኝ። ጥያቄውን እንደ ተጻፈ ማንበብ። መልስ አለመጠቆም። ራስ አለመነቅነቅ። አለመሳቅ። አለማዘን።

«አለማዘን ደግሞ ምን ማለት ነው?» አልኳት።

«ፊትህ ነጭ ወረቀት ይሁን። ካዘንክ ሰውየው አንተን ለማስደሰት ሲል መልሱን ይለውጣል።»

«ዶክተር፣ ሰው ልጄ ሞተብኝ ሲለኝ ‹እግዜር ያጥናዎ› ካላልኩ እኮ ሁለተኛ በር የሚከፍትልኝ ሐበሻ አይኖርም።»

«‹ወደሚቀጥለው ጥያቄ እንሄዳለን› ነው የምትለው» አለች፤ የእሷ ፊት ግን እውነትም ነጭ ወረቀት ነበር። እኔም ቤቴ ገብቼ መስታወት ፊት ቆሜ መለማመድ ጀመርኩ። አብሮኝ የሚኖረው ያው ዶሮ ነጪ ፊዚክስ መምህር ለጥቂት ቀን ዝም ብሎ ሲያየኝ ቆየና «ጥርስህን ካመመህ ምነው አትነቀለውም?» አለኝ።

የመጀመሪያው ውርደቴ ግን ከፊቴ ሳይሆን ከአፌ መጣ። ሥራ በጀመርኩበት ቀን ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር ሄጄ አንድ በር አንኳኳሁ። «ማነው?» አለ የወንድ ድምፅ። ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ በተማርኩት ሥርዓት መሠረት፣ ጥርት ባለ አማርኛ «የመጣሁት ለደኅንነት ጥናት ነው!» አልኩ።

ወዳጆቼ፣ በዚያ ዘመን ደኅንነት ማለት የሰው ጤንነትና ሰላም ማለት መሆኑን የሚያውቀው መዝገበ ቃላት ብቻ ነበር። ለሌላው ሰው ደኅንነት ማለት በጥቁር መነጽር መጥቶ ይዞህ የሚሄድ ነው። ከውስጥ ወንበር ሲወድቅ ሰማሁ፣ ቀጥሎ የጓሮ መስኮት ሲከፈት ሰማሁ፣ ቀጥሎ የዶሮ ጩኸት ሰማሁ። ዞሬ ስሄድ አንድ ደልደል ያለ ሰውዬ የጎረቤቱን የሐጂ ዑመርን የዶሮ ቤት ጣሪያ ደርምሶ መሃሉ ቆሟል፤ ላባው በራሱ ላይ እንደ በረዶ ይወርዳል። ሐጂ ዑመር ጢማቸውን በሒና ያቀሉ፣ ከጅጅጋ የመጡ፣ አማርኛ የሚያውቁ ሶማሌ ናቸው። «አንተ ማነህ?» አሉኝ። ደኅንነት የሚለውን ቃል ሁለተኛ ላልደግመው በልቤ ምዬ «ስለ ኑሮ ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አልኩ። «ኑሮውን ይኸው አየኸው፤ ጣሪያውን ማን ይሠራል?» አሉ። ሠራሁት። ዶሮዎቹ እስኪለምዱኝ ድረስ ሠራሁት።

ቃሉን ለወጥኩና በር መከፈት ጀመረ። አሁን ደግሞ መልሱ አስቸገረኝ። «ኑሮዎን ባለ አሥር ደረጃ መሰላል ነው ብንለው፣ ዛሬ የትኛው ደረጃ ላይ ነዎት?» ብዬ አነባለሁ። «ተመስገን» ይሉኛል። «ቁጥሩን ቢነግሩኝ?» እላለሁ። «በቁጥር ይመሰገናል እንዴ?» ይሉኛል። አንድ ሽማግሌማ ብዙ አሰቡና «ቆይ፣ መሰላሉ የተደገፈው የማን ግድግዳ ላይ ነው? የሰው አገር ግድግዳ ከሆነ እኔ አልወጣበትም» አሉኝ። ዶክተሯ በመልስ መስጫው ላይ «ተመስገን» ተደርድሮ ስታይ «ይሄ ሁሉ ሰው ረክቷል ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አይ፣ አልረካም ማለት ነው፤ ግን አይናገርም» አልኳት። ያን ቀን እሷ ራሷ መሰላሉ ላይ ሁለት ደረጃ የወረደች መሰለኝ።

እንግዲህ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ከተመረጡት ቤቶች አንዱ እዚያው ሳውዝ ሲ፣ ከሞምባሳ መንገድ ገባ ብሎ ያለ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበር። ተከራዩ ጋሽ ተስፉ ናቸው። ከረን ተወልደው ድሬዳዋና አዲስ አበባ ሲሠሩ የኖሩ፣ አማርኛቸው ከእኔ የጠራ፣ ጢማቸው እንደ ድሮ ጣሊያን ሹም የተሞረደ ሰው። ኢምባካሲ አየር ማረፊያ አጠገብ ባለ መጋዘን የዕቃ ማንሻ መኪና ይነዳሉ። ትዳር «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» ሲሉ አልፏቸዋል። ፊት ለፊት ያለውን ሰፋ ያለ ክፍል ለወይዘሮ አስካለ አከራይተዋል፤ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፉ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የሚያስቀምጡ፣ የአዲስ አበባ ልጅ ናቸው። በሁለቱ ክፍል መሃል በር የለም፤ አንድ መጋረጃ አለ። ከመጋረጃው ወዲህና ወዲያ «እርስዎ» እየተባባሉ፣ አንዳቸው የሌላኛቸውን ደጅ እየጠረጉ ዓመታት ኖረዋል። የልብስ ስፌት መኪናው ሳይበላሽ ጋሽ ተስፉ ዘይት ይቀቡታል። የጋሽ ተስፉ ሸሚዝ ሳይቀደድ ወይዘሮ አስካለ ይጥፉታል። ሰፈሩ ሁሉ ባልና ሚስት ናቸው ይላል፤ እነሱ ብቻ አልሰሙም።

ወይዘሮ አስካለን ለብቻቸው መጠየቅ ነበረብኝ። ጋሽ ተስፉም ጨዋ ናቸው፣ «እኔ ዜና ላዳምጥ» ብለው ወደ ክፍላቸው ገቡ፣ ሬዲዮኑንም ከፍ አደረጉት። ሥራ ጠየቅኩ፤ መለሱ። ጤና ጠየቅኩ፤ መለሱ። ትዳር ላይ ደረስኩ።

የስፌት መኪናውን መርገጥ አቆሙ። «ባሌን በዚያ በሽብሩ ጊዜ ገደሉብኝ። ማልቀስ እንኳ አልተፈቀደልኝም» አሉ።

ነጭ ወረቀቱ እዚያው ተቀደደ። «እግዜር ያጥናዎ፣ እትዬ» አልኩ፤ ዶክተሯ ብትፈልግ ታባርረኝ። እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እኔም ነቀነቅኩ፣ ተነቃነቅን። ከዚያ ቀጣዩን እንደ ተጻፈ ማንበብ ግድ ነውና በአፍረት ቀስ ብዬ «አሁንስ የትዳር ጓደኛ አለዎት?» አልኩ።

ክሩን በጥርሳቸው ቆረጡና «ባዶ» አሉ።

ከመጋረጃው ጀርባ ሬዲዮኑ ጸጥ አለ።

ናይሮቢ ኖራችሁ ለማታውቁ ላስረዳ። በስዋሂሊ «ባዶ» ማለት «ገና» ማለት ነው። ማታቱው መጣ? ባዶ። ሻዩ ፈላ? ባዶ። ወረቀትህ አለቀ? ባዶ። ስደተኛ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚለምዳት ቃል እሷ ናት፤ አልሆነም፣ ግን ይሆናል ማለት ነች። ያቺው ቃል በእኛ አፍ ምን እንደሆነች እኔ አልነግራችሁም፤ ቤቱም ኪሱም ሆዱም ባዶ የሆነበት ሁሉ ያውቃታል። እኔ በዚያች ሰዓት ይህንን ሁሉ አላሰብኩም። «የለም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ፣ ሻዬን ጠጥቼ፣ አመስግኜ ወጣሁ።

ማታቱ ማቆሚያው ጋ ሳልደርስ ከኋላዬ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ጋሽ ተስፉ ናቸው፤ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ያለከልካሉ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሰምቼ አይደለም፤ መጋረጃው ነው የነገረኝ።»

«ጋሼ፣ የሰው መልስ መናገር ክልክል ነው።»

«መልሱን መች ጠየቅኩህ? መልሱን ሰምቻለሁ። ቋንቋውን ነው የምጠይቅህ። በየትኛው ነው ‹ባዶ› ያለችው?»

እሳቸው ባርኔጣቸውን እንደ ሎሚ ጨመቁት። «በአማርኛ ከሆነ ልቧ ባዶ ቀርቷል ማለት ነው፤ የሞተ ሰው ቦታ ነው፣ እዚያ ገብቼ አልረብሽም። በስዋሂሊ ከሆነ ግን... በስዋሂሊ ከሆነ እኮ ልጄ...» አሉና ሳይጨርሱት ቀሩ። ከዚያ «ድምጿ መጨረሻው ላይ ወጣ ወይስ ወረደ?» አሉኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሰላም አጣሁ። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ይጠብቁኛል፤ «አስታወስክ?» ይላሉ። ገበያ ያገኙኛል፤ «ዓይኗ ወዴት ነበር ያን ጊዜ?» ይላሉ። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ንያማ ቾማ ጋበዙኝ። ሕግ የጻፈችው ዶክተር የተጠበሰ የፍየል ጎድን ከነጭሱ ፊቷ ቀርቦላት አያውቅም፤ ቢቀርብላት ሕጉን ሌላ አድርጋ ትጽፈው ነበር። አጥንቱን ግጬ ሳበቃ «እሺ፣ እጠይቃለሁ» አልኩ። ጅል ሆድ ነው ያለኝ።

በማግስቱ ወረቀቴን ታቅፌ ወይዘሮ አስካለ ዘንድ ሄድኩ። ጋሽ ተስፉ ቅዳሴ ናቸው። «እትዬ፣ ለጥናቱ አንድ ትንሽ ማጣራት ነበረችኝ። ያን ዕለት ‹ባዶ› ያሉት... እ... በምን ቋንቋ ነበር?»

በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝ። «ማነው የላከህ?»

«ጥናቱ።»

«ጥናቱ ጢም አለው?»

ፊቴን ነጭ ወረቀት ለማድረግ ሞከርኩ፤ ላብ የነካው ወረቀት ሆነ።

«ጢም ያለውን ጥናት እንዲህ በልልኝ» አሉ ወይዘሮ አስካለ፣ «ጥያቄ ያለው ሰው ራሱ ይመጣል። ደግሞም እኔ መንገድ ላይ የወደቅኩ አይደለሁም፤ እንደ ሰው ልጅ ሽማግሌ ይላክልኝ።»

ይህንን ለጋሽ ተስፉ ስነግራቸው መጀመሪያ ቁጭ አሉ፣ ቀጥሎ ተነሡ፣ ቀጥሎ ባርኔጣቸውን ፈለጉ፤ ራሳቸው ላይ ነበረ። ሽማግሌ ከየት ይምጣ? ዘመድ የለ፣ አብሮ አደግ የለ። ከሙሽራው ሌላ ጢም ያለው ሐጂ ዑመር ብቻ ናቸው። ሁለተኛው ሽማግሌ እኔ ሆንኩ፤ ሽበት ቢፈለግብኝ የማይገኝ። ሙሽራው ካቶሊክ፣ ሙሽሪት ጴንጤ፣ ሽማግሌው እስላም፣ እኔ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ ሲመጣ ብቻ ትዝ የሚለኝ ኦርቶዶክስ። እንዲህ ያለ የሽምግልና ጓድ ከዚያ ወዲህም አላየሁም።

ዶክተሯ ስትሰማ ራሷን ያዘች። «ጥናቱን አበላሸኸው! ቤተሰብ እንድትቆጥር ነው የላክሁህ፣ ቤተሰብ እንድትሠራ አይደለም!» አለች። ቀጥላ ግን «መቼ ነው?» አለች። «ጥግ ይዤ አያለሁ፤ አንዲት ቃል አልናገርም።» በመኪናዋም እሷው አደረሰችን።

ገባን። ወይዘሮ አስካለ ነጠላቸውን አጣፍተው ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ሐጂ ዑመር በሥርዓቱ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ዙሪያውን ተመለከቱ። «ልጃችሁን ለልጃችን» ሊሉ ነው፤ ግን ለማን ይበሉ? እናት የለች፣ አባት የለ፣ አጎት የለ። ክፍሉ ውስጥ ያለችው የምትጠየቀው ራሷ ናት። ሐጂ ጢማቸውን ያዙ። እኔ ወለሉን አየሁ። ጋሽ ተስፉ ከመጋረጃው ጀርባ ሲተነፍሱ ይሰማል።

ወይዘሮ አስካለ ቀና ብለው ተቀመጡ። ድምፃቸውን ወፈር አድርገው፣ እንደ አባት፣ «እንግዶች፣ በሰላም ነው የመጣችሁት?» አሉ።

መጀመሪያ ሳቄ መጣብኝ። ፊታቸውን ሳየው ሳቁ ተመልሶ ገባ። ሴትዮዋ እየቀለዱ አይደለም። ለሐጂ ዑመር ከእኔ ቀድሞ ገባቸው፤ ዝቅ ብለው እጅ ነሱና «በሰላም ነው። ልጃችሁን አስካለን ለልጃችን ለተስፋሚካኤል ልንጠይቅ መጥተናል» አሉ።

«ልጃችን ብዙ ያየች ናት» አሉ ወይዘሮ አስካለ። «ቤተሰቧ ባይኖርም ሥርዓቷ አይጎድልባትም። ልጃችሁ ይጠጣል?»

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። «ቢራ፣ አልፎ አልፎ» አልኩ።

«ይሳደባል?»

«የዕቃ ማንሻ መኪናውን ብቻ።»

«ያለፈውን ሰው ስም ቤት ውስጥ ብታነሣ፣ ብታለቅስለት፣ ቅር ይለዋል?»

ከመጋረጃው ጀርባ «አይለኝም!» የሚል ድምፅ መጣ። ሐጂ ዑመር ወደ መጋረጃው ተቆጥተው «አንተ ዝም በል፣ እዚህ የለህም!» አሉ።

«እንግዲያውስ ልጃችንን አማክረን እንመልስላችኋለን» ብለው ወይዘሮ አስካለ ተነሡ። የት ይሂዱ? ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፣ አንዱን ባል ይዞታል። ስፌት መኪናቸው ጋ ሄደው ጀርባቸውን ሰጥተውን ተቀመጡና መስፋት ጀመሩ። አንድ ኮሌታ ሰፉ። ክሩን ቆረጡ። ሌላ ኮሌታ ጀመሩ። መሃል ላይ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ እጃቸው ግን አልቆመም። ያኔ ያልተፈቀደላቸውን ለቅሶ ያለቀሱ ይመስለኛል። ከዓመታት በኋላ፣ በሰው አገር፣ በዩኒፎርም ላይ። ዶክተሯን ሳያት ነጭ ወረቀቱ እርጥብ ሆኗል፤ በእጇ ጀርባ ታብሰዋለች።

ተነሥተው መጡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ልጃችን ‹ባዶ› ብላለች» አሉ።

«በየትኛው ቋንቋ!» ብለው ጋሽ ተስፉ ከነመጋረጃው ወጡ። እውነቴን ነው፣ ከነዘንጉ ራሳቸው ላይ ወረደ።

ወይዘሮ አስካለ መጋረጃውን ከራሳቸው ላይ አነሡላቸው። «በስዋሂሊው» አሉ። «አንድ መጋረጃ ለመክፈት ግን ይሄን ሁሉ ዓመት?»

ያን መጋረጃ መልሶ የሰቀለው የለም። ሠርጉም ትንሽ ነበር። ፓስተሩም ቄሱም ለየብቻቸው ባረኩ፤ ሐጂ ዑመር ከዚያው ዶሮ ቤት ሁለት ዶሮ አመጡ። ዛሬ ያንን ከተማ ሳስብ የሚመጣብኝ ሕንጻው አይደለም። በጥቅምት መንገዱ ላይ የሚረግፈው ሐምራዊ አበባ፣ የማታቱው ልጅ ጣሪያውን ሲደበድብ፣ ከዚያ ከኢምባካሲ በኩል አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ሁላችንም ወሬ አቋርጠን ቀና የምንለው ነገር ነው። ካለፈ በኋላ ወሬው ካቆመበት ይቀጥላል።

ዓመቱ ዞረና ሁለተኛው ዙር ደረሰ። ዶክተሯ የድሮውን ወረቀት ስታገላብጥ «እዚህ ቤት ሁለት ቤተሰብ ነበር፣ አሁን አንድ ነው። አንደኛው የት ገባ?» አለች፤ እያወቀች ነው፣ ሕጉ ጠይቂ ስለሚላት እንጂ። «ሌላኛው ውስጥ» አልኳት። የለውጡ ምክንያት የሚል ቦታ አለ፤ ሞት፣ ስደት፣ ሥራ ማጣት ይላል። የእኛ አልነበረበትም።

እሁድ ቀን ሄጄ ሁለቱንም አስቀምጬ ጠየቅኩ። ቤታቸው ውስጥ ያለው ወንበር ሁለት ብቻ ነው፤ እኔ እንደ ወትሮዬ በተገለበጠ የለስላሳ ሣጥን ላይ ነኝ። «በዚህ ቤት ከአንድ ድስት የሚበሉ ሰዎች እነማን ናቸው?» ብዬ አነበብኩ።

«ሦስት ነን» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

ሦስተኛው ማን እንደሆነ ጠየቅኩ። እርጉዝ ይሆኑ እንዴ ብዬ ሆዳቸውን ሁሉ ሰረቅ አድርጌ አየሁ፤ በዚያ ዕድሜያቸው!

«ይሄ ልጅ ያመዋል?» አሉ ወደ ባላቸው ዞረው። «አንተ ነህ እንጂ ማን ይሆናል! ባለፈው እሁድ የበላኸው የማን ድስት ነው? ያለፈውስ ያለፈው? ጻፍ!»

«እትዬ፣ ጠያቂ ራሱን አይጽፍም።»

«ጠያቂ ሰው አይደለም?» አሉ ጋሽ ተስፉ። «ለቤቱ ባለቤት ምኑ ነው የሚል ቦታ አይደለ ያለው? ልጅ ብለህ ሙላው።»

እንዳሉኝ ሞላሁት። ሰኞ ጊጊሪ ሳስረክብ ዶክተሯ አነበበችው፣ ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘችው። መሰረዝ ነበረባት፤ ሥራዋ ነው። አልተቀየምኳትም፤ ብቻ ማታቱ ውስጥ እስከ ቤቴ ድረስ ወደ መስኮቱ ዞሬ ነው የሄድኩት።

የሚቀጥለው እሁድ ላለመሄድ ቆርጬ ነበር፤ እግሬ ግን ሄደ። ስገባ የለስላሳው ሣጥን የለም። በቦታው አንድ ወንበር አለ፤ አሮጌ ነው፣ እግሩ በሽቦ የታሰረ፣ ጋሽ ተስፉ ከመጋዘን አምጥተው የጠገኑት መሆኑን ቀለሙ ይናገራል። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ወይዘሮ አስካለ ድስቱን ከፍተው ሳያዩኝ «ምን ትገተራለህ? ተቀመጥ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል» አሉ።